የታች ሰፈር ሳል

አስም ያለባቸው ልጆች በየሰፈሩ ተቆጠሩና ካርታ ተሠራ። የኖራ ፋብሪካው አቧራ የሚያርፍበት ታች ሰፈር እንደ ደም ቀላ፤ የጤና ኃላፊው የሚኖሩበት ላይ ሰፈር ለምለም አረንጓዴ ሆነ። ኃላፊው ይህን ለበላይ አካል ከማሳየት ይልቅ የሁለቱን ሰፈር ድንበር ፋቁት፤ አንድ ላይ ደምረው በአማካይ አሰሉና ሁሉንም ቢጫ ቀቡት።

«የታች ሰፈርን አስም በግማሽ ቀነስነው!» ብለው ነዋሪውን ሰብስበው አበሰሩ። አዳራሹ አጨበጨበ። አንዲት ጎመን ሻጭ ብቻ፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጇን ታቅፋ ስለነበር፣ ለማጨብጨብ እጅ አልተረፋትም።

«አንቺ ደግሞ ደስ አላለሽም?» አሏት።

«ኧረ ደስ ብሎኛል ጌታዬ!» ብላ ወደ መድረኩ ወጣችና ልጁን አስታቀፈቻቸው። «የሳሉን ግማሽ ጠዋት እኔ ቤት ስሎ ጨርሷል፤ የቀረው የእርስዎ ቤት ድርሻ ነው።»