ከአጥሩ ወዲህ የቀረች ልጅ

አንድ አናጺ ነበር። ትርሲት የምትባል፣ ከተወለደች ጀምሮ ማየት የተሳናት ልጅ ነበረችው። ቤቱ ከሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ጋር በቆርቆሮ አጥር ይዋሰናል። የሕፃናቱን ትንንሽ ወንበሮች የሠራውም እሱ ነው።

ትርሲት ለትምህርት ስትደርስ ሊያስመዘግባት ሄደ። መምህርቷ ደስ አላት፤ ወላጆች ግን ተሰብስበው አጉረመረሙ። ሶስና የምትባል ተማሪ እናት የሆነች ዱቄት ነጋዴ ተነሥታ «እኛ ክፉ ሆነን አይደለም። መምህርቷ እሷን ስታይ ስትውል ልጆቻችን ወደ ኋላ ይቀራሉ። ለራሷስ ቢሆን አይከብዳትም?» አለች። ሌሎቹ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፋት እንዲህ አዛኝ መስሎ ሲናገር ማን ይቃወመዋል?

መምህርቷ አናጺው ቤት ድረስ መጥታ «ግድ የለም ጋሼ፣ ያምጧት፤ እኔ አለሁላት» ብላ ለመነችው።

«ተዪኝ እህቴ። ሲገፏት ከማይ ከእኔ ጋር ትዋል፤ ጠንከር ስትል አመጣታለሁ» አላት።

ፍቅር መስሎት ነው። ፍቅርም ነበር፤ ግን ፈሪ ፍቅር።

ትርሲት በየጠዋቱ አጥሩ ሥር መቀመጥ ጀመረች። መምህርቷ ስም ስትጠራ እየሰማች የልጆቹን ድምፅ አንድ በአንድ ለየች። ያፌት የሚባለው ልጅ ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ሶስና ስታለቅስ ከፍቷት ትውላለች። ለአባቷም «ጓደኞቼ ዛሬ እንዲህ አደረጉ» እያለች ታወራለታለች።

አንድ ጠዋት ሶስና ስሟ ሲጠራ ዝም ተባለ። ትርሲት ከአጥሩ ወዲህ «ቲቸር፣ ሶስና አሟት ነው! ትናንት ስታስል ነበር!» ብላ ጮኸች። ልጆቹ «ማን ናት ደግሞ?» ብለው ሳቁ።

አናጺው ይህን ሰማ። ክረምቱን ለልጁ ወንበር ሠራላት፤ መስከረም ሲጠባም እጇን ይዞ ወሰዳት። ትርሲት በሩን እንዳለፈች «ያፌት! ሶስና! መጣሁ!» አለች። መምህርቷ እነያፌት አንደኛ ክፍል ገብተው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መሄዳቸውን ነገረቻት።

«አባዬ፣ ሳይሰናበቱኝ ነው የሄዱት?» አለችው።

ልጆቹ እንኳን ሊሰናበቷት ስሟንም አያውቁም።

ልጅነት ወላጅ እስኪደፍር ቆሞ አይጠብቅም። የከለከለችው እናትም ብትሆን አላተረፈችም፤ ሶስና ሳሏን ሰምቶ የሚጨነቅላት ጓደኛ እንደነበራት ሳታውቅ አደገች። እርስዎስ፣ ልጅዎ አጠገብ ማን እንዳይቀመጥ ከልክለው ይሆን?