ጥድ የሚመስለው ግድግዳ

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ቤት ሲሠሩ ሰው ገና ከዋሻ ወደ ዋሻ ሲንከራተት፣ ስሟ በጠፋብኝ አንዲት አገር እመት ጃርት የምትባል ታታሪ ሴት ነበረች። ባሏ አያ ጃርት ደግሞ፣ እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ባል ነበር። የቀድሞ ቀያቸውን ጎርፍ ቢወስድባቸው አራት ልጆቻቸውን ይዘው ወደዚያች አገር መጡ።

ያቺ አገር አንድ ወግ ነበራት። አዲስ ገቢ ቤት ሲሠራ ጎረቤት ሁሉ አንዳንድ የእንጨት ኩላብ ይዞ ይመጣና በውጪው ግድግዳ ላይ፣ ከክፈፉ ሥር ይመታል። ከዚያ የዘር በቆሎውን ይሰቅልበታል። ኩላቡ ከያዘ የቤቱ ባለቤት ጎረቤት ሆነ። ካልያዘ ግን "ዘራችንን ያልያዘ ቤት እኛንም አይዝም" ይባልና እንግዳው ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ክረምቱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ደርሷል።

እመት ጃርት፣ "ግድግዳችን የጥድ ሳንቃ ይሁን" አለች። "ይቆረጣል፣ ይፈለጣል፣ በየዓመቱም ቅባት ይቀባል።"

"በየዓመቱ?" አለ አያ ጃርት፣ ገና ሲሰማው ደክሞት።

"በየዓመቱ።"

ይህን የሰማ ጉሬዛ ነጭ ካባውን እያንዠረገገ ከዛፍ ወረደ። "እመት ጃርት፣ ምን በወጣሽ ትለፊያለሽ? ሸምበቆ ላይ ጭቃ መርጌ፣ ቀይ አፈርና ጥላሸት ቀብቼ፣ ጥድ የሚመስል ግድግዳ ልሥራልሽ። ምስጥ አይበላው፣ ቅባት አይፈልግ።"

"ጥድ ነው ወይስ ጥድ ይመስላል?"

"እንዴት ያለ መምሰል። ጥድ ራሱ ቢያየው ወንድሜ ነው ይላል።"

"መምሰሉን መች ጠየቅሁህ፤ ነው ወይ ነው ያልኩት" አለችና መጥረቢያዋን አንሥታ ጫካ ገባች።

ሦስት ቀን በቁሙ የደረቀ ጥድ ፈልጋ ስትቆርጥ፣ ስትጎትት ከረመች። ባልየው ግን ለክረምት ያስቀመጡትን ድንች ለጉሬዛ ሰጥቶ ግድግዳውን አስመረገ።

"ነይ እዪ" አላት ስትመለስ፣ ደስ ብሎት። "ጉጡን እንኳ አልረሳም።"

"እሱ ጉጡን አልረሳም፤ አንተ ግን ኩላቡን ረሳህ።" ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ግድግዳውን ወጋ አደረገችው። ጭቃው ረገፈ። "ያውልህ።"

"ኧረ ጎረቤቶቹ ቀስ ብለው ነው የሚመቱት" አለ።

እመት ጃርት ከዚህ ሰውዬ ጋር ስንት ክረምት አሳልፋለች፤ አንዱንም እንኳ እሱ አስቦበት አያውቅም። የተኙትን ልጆቿን አየችና የጎተተችውን ጥድ ከጓሮ ከመረች።

በማግስቱ ጎረቤት ተሰበሰበ። ጉሬዛም ሌላ የምመርገው ቤት ላገኝ ብሎ ከፊት ቆሟል። የቀዬው ሽማግሌ አባ ኤሊ ኩላባቸውን አስጠግተው መቱ። ጭቃው ተፈረካከሰ፤ ኩላቡ እግራቸው ሥር ወደቀ። ቀበሮ መታ፤ ወደቀ። ከርከሮ መታ፤ ኩላቡም ወደቀ፣ ግማሽ ግድግዳውም ወደቀ።

"ትንሽ ወደ ግራ ቢሞከርስ?" አለ አያ ጃርት።

አባ ኤሊ ወደ ጉሬዛ ዞሩ። "ይህ ምንድን ነው?"

"እኔ ይመስላል አልኩ እንጂ ይይዛል አላልኩም።"

"እውነቱን ነው" አለች እመት ጃርት በምሬት። "እኔ ጠይቄዋለሁ፣ መልሱንም ሰምቻለሁ። ያልሰማው የኔ ሰውዬ ነው። አባቴ፣ ጥዱ ከጓሮ ተከምሯል። እስከ ማታ ይታገሡኝ።"

አባ ኤሊ አሰቡ። ኤሊ ሲያስብ ደግሞ ታውቃላችሁ። በመጨረሻ "እስከ ማታ" አሉ። "ጉሬዛም ይሸከም፤ ድንቹን በልቷልና።"

ጉሬዛ ካባው እስኪበላሽ ተሸከመ፤ አያ ጃርት ፈለጠ፤ እሷ ሳንቃውን አቆመች። ጥዱ የበቃው ለፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነበር። የኋላውን ጭቃ እንዳለ ተወችው፤ "እዚያ የሚሰቅል ስለሌለ መምሰሉ ይበቃዋል" አለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባ ኤሊ እንደገና መቱ። ኩላቡ ገባ፤ በቆሎው ተሰቀለ፤ ንቅንቅ አላለም።

"ጎረቤታችን" አሏት። እመት ጃርት በአራት ቀን ውስጥ ያኔ ገና ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲህ ጉሬዛ ግድግዳ ልቀባ ባለበት ደጅ ሁሉ ባለቤቱ ኩላብ ይዞ ይጠብቀዋል። አያ ጃርትም በየዓመቱ እያጉረመረመ ሳንቃውን ቅባት ይቀባል። ያገሩ ሰውም እንዲህ እያለ ቀረ፦ የቀለም ጥድ ለሚያይ፣ የጫካ ጥድ ለሚሰቅል።