ሁለተኛው ስንኝ

ጸዳለ የሰውን አስተሳሰብ የምታጠና ተማሪ ናት። ለሰዎች አስቸጋሪ ጥያቄ ትሰጣቸዋለች፤ ሲፈቱትም በልባቸው የሚመላለሰውን ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲናገሩ እያደረገች ትቀዳለች። አንድ ቀን አስተማሪዋን መምህር አስናቀን፣ «ሲናገሩ ያልገባኝ ነገር ካለ እዚያው አቋርጬ ‹ለምን እንዲህ አልክ?› ብል ምን አለበት?» አለቻቸው። መምህሩም እንዲህ ሲሉ አወጓት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። የምትወደው ግን ጭምት የሆነች ሚስት ነበረችው። «ምን ጎደለሽ?» ሲላት መልሷ ሁልጊዜ «ምን ይጎድልብኛል?» ነው። ወፍጮው ላይ ስታጎነብስ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። መጁን እየገፋች ስታንጎራጉር በልቧ ያለፈው ሁሉ በአፏ ያልፋል። ጢሱ ዓይኔን ፈጀው ትላለች፤ አማቴ ፊት ነሳችኝ ትላለች። በዚያ አገር ወፍጮ ላይ የተባለ ነገር አይጠየቅበትም፤ የሰማም እንዳልሰማ ያልፋል። ደንቡ ነው።

ባልየው ደንቡን ያውቃል። ከግድግዳው ውጭ ሞፈሩን እየጠረበ ያዳምጣል፤ በማግስቱ ለጢሱ መውጫ ይከፍታል፣ እናቱን ለብቻዋ ጠርቶ ይለማመጣል። እሷም ማን ነገረህ አትለውም። ትዳራቸው በዚህ ሰመረ።

አንድ ማለዳ ግን እንዲህ ስትል ሰማት፦

«ወንዙን ተሻግሬ ልሄድ ነው መሰለኝ፣»

ደሙ ፈላ። ወንዝ ማዶ ማን አላት? ግጥም ነገሩን የሚጥለው በሁለተኛው ስንኝ እንደሆነ አያጣውም፤ ቅናት ግን መቼ ታግሦ ያውቃል? ሞፈሩን ጥሎ ገባና እጇን ከነመጁ ያዘ።

«ለምን እንዲህ አልሽ?»

ሴትየዋ ደነገጠች። ለምን እንዳለችው እሷም አታውቅም፤ ቃሉ በአፏ መጣ፣ ተናገረችው። የተጠየቀ ሰው ግን መልስ አያጣም። «እናቴ ናፍቃኝ ነው» አለችው። እሱ አመናት፤ እሷም ራሷ ያለችውን አመነች። በቅሎ ጭኖ እናቷ ዘንድ አድርሶ መለሳትና ነገሩ አለቀ ብሎ ተደሰተ።

ከዚያ ወዲያ እንጉርጉሮው አልቀረም፤ ተለወጠ እንጂ። ከግድግዳው ማዶ ጆሮ እንዳለ አውቃለችና ባሏን ታወድሳለች፤ ጀግናው ትለዋለች፣ የቤቴ ምሰሶ ትለዋለች። ሞኙ ባል ደረቱን ነፋ። ክረምቱ ሳይወጣ ሴትየዋ ታማ ወደቀች። ከዚያ ማለዳ አስቀድሞ ሆዷን ሲበላት የኖረ ሕመም ነበረባት። ተሸክመው ሐኪም ዘንድ ሲያደርሷት ሐኪሙ «ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አለ። ባሏ ቀበራት።

ሰውየው አርጅቷል። ወፍጮው አጠገብ ይቀመጥና ያንን ስንኝ ለብቻው ይለዋል፤ ማሰሪያም ይገጥምለታል። አንድ ጊዜ ስለ ሕመሟ፣ አንድ ጊዜ ስለ ስንብት፣ አንድ ጊዜም እውነት ስለ እናቷ ይሆን ብሎ ይገጥማል። ሁሉም ቤት ይመታል። የሷ የትኛው እንደነበረ ግን የሚነግረው የለም፤ አንጀቱን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

መምህሩ ወደ ጸዳለ ዞሩ።

«ልጄ፣ የምታናግሪያቸው ሰዎች ያቺ ሴት ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ከግድግዳው ውጭ የተቀመጠው ባል ነሽ። እየሠሩ የሚያመልጣቸው ቃል የሐሳባቸው ነው። ‹ለምን› ስትያቸው ግን ምክንያት ፈልገው ይሰጡሻል፤ ሰው ጠያቂን ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረዋል። ውሸታም ሆነው አይደለም፣ እነሱም ያምኑታል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያንቺን ጆሮ እያዩ ያስባሉ። ያልገባሽ ነገር ሲመጣ ምላስሽን ነክሰሽ ቆዪ፤ የምትጠይቂው ካለም ሥራቸውን ሲጨርሱ ይደርሳል። ዝም ያሉበትም ቦታ ሐሳብ የሌለበት አይምሰልሽ። ሁለተኛው ስንኝ እስኪመጣ ታገሺ። ካልመጣም፣ ልጄ፣ አንቺ አትግጠሚለት።»