ወፍ የማያርፍበት ማሽላ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ፍሬ የሌለው ማሽላ ከወፍ የሚጠብቅ።

ይህን ያሉት መምህር ወንድይፍራው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ከከተማው ቤተ መጻሕፍት መቅረት ያልሆነላቸው የድሮ የፊዚክስ አስተማሪ ናቸው። ፎቁ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው የቀድሞ ተማሪያቸው የዝና ናት። የምህንድስና መግቢያ ፈተናዋ ውጤት ከወጣ ሰንብቷል፤ ነጥቡ አልበቃትም። ለአባቷ ግን «ገና አልወጣም» ብላዋለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ደብተሯን ታቅፋ ትወጣለች፤ አባቷ በባጃጁ እዚህ ያደርሳታል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ምሳዋን ይዞላት ይመጣል። እሷም ያለፈ ፈተና ስታጠና ትውላለች። ዛሬ መምህሩን ብቻቸውን ስታገኛቸው አላስቻላትም። «መምህር፣ አባዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ኢንጂነር ነው የሚለኝ፤ ስሜን ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። አሁን ምን እሆንለታለሁ?» አለቻቸው። መምህሩ ተረት የጀመሩላት ለዚህ ጥያቄዋ ነው። ወደ ገበሬያቸው ተመለሱ።

ገበሬው ሰነፍ አልነበረም፤ ይህን አስቀድመሽ ያዥልኝ። በሚያዝያ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ከሰው ሁሉ ቀድሞ በሬዎቹን የጠመደ እሱ ነው። የዘራው ቶሎ የማይደርሰውን፣ ብዙ ወር መሬት ላይ የሚቆየውን ማሽላ ነበር። ደጋግሞ አረሰ፤ ከሚስቱ ጋር ጎንበስ ብለው አረሙን ነቀሉ። በገበያም በለቅሶ ቤትም ስለ ማሽላው ማውራት አይጠግብም ነበር። «ዘንድሮ የእኔን ማሽላ ለማጨድ አገር ነው የምጠራው» ይል ነበር። ሰውም ያምነው ነበር፤ እውነትም ሲያዩት ደስ የሚል ቡቃያ ነበር።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ሐምሌም በደመና ሲያባብል ቆይቶ አለፈ። ነሐሴ ላይ ሰማዩ ያጠራቀመውን ሁሉ ሲያወርደው ጥቁሩ አፈር እስኪበቃው ጠጣ፤ ማሽላው ግን አቅሙን ጨርሶ ነበር። ራስ ማውጣቱንስ አወጣ። ከመንገድ ለሚያየው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ያማረበት ማሽላ ነው። ገበሬው አንዱን ራስ ጎንበስ አድርጎ በመዳፉ አሸውና እፍ አለው፤ ሁሉም ገለባ ሆኖ በረረ። ሌላ አሸ፤ ያም ያው ነው። ከማሳው መካከል ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ማሽላው ረጅም ስለነበር ማንም አላየውም።

በዚያ አገር ማሽላ ራስ ሲያወጣ በየማሳው መካከል የእንጨት ማማ ይሠራል። ባለቤቱ ከላዩ ላይ ወጥቶ ጅራፍ እያጮኸ፣ ወንጭፍ እየወረወረ ወፍ ሲከላከል ይውላል። ከማማ ማማ ሰው ይጣራል፣ ይቀላለዳል፣ ያገር ወሬ የሚወራው እዚያ ነው። ማማ ላይ ያልወጣ ሰው ምን እንደደረሰበት ሳይነግር ይታወቃል። ገበሬው ይህን አሰበና ማማ ሠራ። እንዲያውም ከጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍ ያለ ማማ ሠራ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እየወጣ ጅራፉን ያጮሃል። «ሃይ! ሃይ!» ይላል። ወፍ ግን የለም። ወፍ ገለባ ምን ያደርግለታል? በላዩ አልፎ የሰው ማሳ ላይ ይሰፍራል። ጎረቤቶቹ ከሩቅ ያዩና «መጠበቅ ማለት እንዲህ ነው፤ አንዲት ወፍ እንኳ አያሳርፍም» ይሉታል። ይህን ሲሰማ ይባስ ብሎ ይጮሃል። ምስኪን፤ ያን ሰሞን እንደሱ የደከመ ገበሬ በአገሩ አልነበረም።

ሚስቱ ቀትር ላይ ምሳውን ታመጣለታለች። ከማማው ሥር ቆማ ታቀብለውና «እንዴት ነው?» ትለዋለች። «ደህና ነው፤ ፍሬ እየያዘ ነው» ይላታል። «ተመስገን» ብላ ትመለሳለች። ከቀኑ ሁሉ የሚከብደው ይቺ ሰዓት ነበረች። ምሳው አይወርድለትም። ጎረቤትን መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ አብራው ጎንበስ ብላ ስታርም የከረመችን ሴት «ተመስገን» ማሰኘት ግን ሌላ ነው። ነገ እነግራታለሁ ይላል፤ ነገ ሲመጣ ጅራፉን ይዞ ይወጣል።

መስቀል መጣ፣ አለፈ። ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐዩ ጠነከረ። ጥቁር አፈር ውኃውን አቅፎ የሚያቆይ ደግ አፈር ነው፤ ቢሆንም ፊቱ እዚህም እዚያም መሰንጠቅ ጀመረ። ገበሬው ከላይ ሆኖ ስንጥቁን ያየዋል። ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አይቶ እንዳላየ ወደ ሰማይ ይጮሃል።

አንድ ቀን ሚስቱ እንደወትሮዋ ምሳ ይዛ መጣች፤ ግን አላቀበለችውም። ምሳውን መሬት ላይ አኖረችው። ከአጠገቡ አንድ ቅል አስቀመጠች። ከዚያ ከማሽላው አንዱን ራስ ወደ ራሷ ጎተተችና በመዳፏ አሸችው፤ እፍ አለችው። ባዶ እጇን ዘርግታ ወደ ላይ አየችው።

ገበሬው ጅራፉ ከእጁ ወደቀ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«ወፎቹ ካወቁ ጀምሮ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም ብለሽ ምሳ ስታመላልሺ?»

«ተርበህ ትዋል እንዴ?» አለችው። «በራስህ ጊዜ እስክትወርድ ብዬ ነበር። አፈሩ ግን እንደ እኔ አይጠብቅህም። ቅሉ ውስጥ ያለው ሽምብራ ነው፤ በቀረችው እርጥበት ይበቅላል። እምቢ ያለን ማሽላው ነው፤ መሬቱ ምን አደረገን?»

ወረደ። ያን ማማ በየቀኑ ሲወርደው ከርሟል፤ እንደዚያን ቀን ግን ከብዶት አያውቅም። ምሳውን አብረው በሉ፤ ያ ምሳ ወረደለት። ማጭዱን አምጥቶ ማሽላውን ከሥሩ ይጥል ጀመር፤ አገዳው ለከብቶቹ ይሆናል። ጎረቤቶቹ ይህን ከየማማቸው ሲያዩ ጮኹ። «ምን ነካህ አንተ? ሳይደርስ ታጭዳለህ?» አሉት። ቀና አለ። ፊቱን እሳት በላው። ያን ሁሉ ቀን ለማይመጣ ወፍ በጮኸበት ድምፁ፣ «ፍሬ አልያዘም!» አላቸው።

ይስቃሉ ብሎ ነበር። ማንም አልሳቀም። በማግስቱ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ፣ በማሳው ግርጌ ካለው ወንዝ ማዶ ሌላ ሰው በሬ ሲነዳ ሰማ። «አንዲት ወፍ እንኳ አያሳርፍም» እያለ ሲያደንቀው የከረመው ጎረቤቱ ነው፤ የእሱም ማሽላ ባዶ ኖሯል። ገበሬው ይህን ሲያውቅ ሳቁ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አዘነለት። ሁለቱ ሰዎች ያን ሁሉ ቀን እየተያዩ፣ አንዱ ሌላውን እየፈራ ከርመዋል።

ሽምብራው በቀለ። ማሽላ ይሆናል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ሽምብራ ሽምብራ ነው። ጎተራውን አልሞላም፤ አገር የተጠራበት አጨዳም አልሆነም። ባልና ሚስት ብቻቸውን ነቀሉት። ነገር ግን ቤቱ ከረመ፤ ሽሮው አልጠፋም፤ መሬቱም አርፎ ሳይሆን ሠርቶ ከረመ። ከአምናው ለዘር ተመርጦ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ የተሰቀለው የማሽላ ራስስ? እሱን አላወረደውም። ሚያዝያ ሲመጣ ከመሬቱ ከፍሎ እንደገና ማሽላ ዘራ። ያ ማሽላ እንዴት ሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ የእኔ ወሬ እስከዚህ ነው።

መምህር ወንድይፍራው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ወደ የዝና ዞሩ።

«ማሽላው ያንቺ ፈተና ነው፤ መሬቱ አንቺ ነሽ። ነጥቡ የለካው አንዱን ዘር ነው፤ አፈሩን የለካው ማንም የለም። ማዘንሽን አልነቅፍም፤ ገበሬውም ማሳው መካከል አልቅሷል፤ ይገባዋል። የምነቅፈው ማማውን ነው። ለከርሞ እንደገና ልፈተን ካልሽ ዘሩን ከጭሱ ላይ አታውርጂው፤ ማን ይከለክልሻል? እስከዚያ ግን ዘንድሮ መሬትሽ ላይ የሚዘራ አለ። ሒሳብ ትወጃለሽ፤ ዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ትምህርት አለው። እጅሽ ሥራ ይወዳል፤ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ቅየሳውንም ኤሌክትሪኩንም ያስተምራል። የትኛው እንደሚበቅልልሽ እኔ አላውቅም። የማውቀው ምዝገባው ሰው እንደማይጠብቅ ነው፤ አፈሩ እየተሰነጠቀ ነው። ጓደኞችሽም በየቤታቸው ጅራፍ እያጮኹ ይሆናል፤ አንቺ ስትወርጂ የሚወርድ አይጠፋም።»

የዝና ደብተሯን ዘጋችው። «አባዬስ?» አለች።

«አባትሽማ የፈተና ቁጥርሽን በቃሉ ይዞታል። ውጤቱ የወጣ ዕለት ባጃጁን መንገድ ዳር አቁሞ በስልኩ አይቶታል። እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ስለ ነጥብሽ የሚያወራኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ‹ማወቄን ሳታፍርብኝ እንዴት ልንገራት?› ብሎ ነው የጠየቀኝ። ‹የኔ ልጅ የዝና› ብሎ በስምሽ ነው የጠራሽ።»

ከታች የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ፤ ቀትር ሆኗል። መምህሩ በመስኮቱ ቁልቁል አዩና መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ምሳሽን ይዞ ከሥር ቆሟል» አሏት። «ውረጂ፣ ልጄ።»