የቲማቲም መደብ

የቀበሌው ሹም አቶ ይርዳው በታኅሣሥ ውርጭ፣ «የቲማቲም ችግኝ መደብ ላይ ያላፈላ የመስኖ መሬቱን ይነጠቃል» ብለው አዘዙ አሉ። ሊቆጣጠሩ ሲዞሩ የአንዲት ምላሰኛ ሴት ጓሮ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት፣ «በይ፣ መሬትሽን ለሌላ ልሰጠው ነው» አሏት።

«ኧረ ጌታዬ፣ እንዳዘዙት መደብ ላይ ነው ያፈላሁት» ብላ ወደ ቤት አስገባቻቸው። እውነትም ችግኙ፣ ጥር ወጥቶ ውርጩ እስኪለቅ፣ በየጣሳው ሆኖ የምትተኛበት መደብ ላይ ተደርድሯል። እሷ ራሷ ምንጣፏን ይዛ መሬት ወርዳለች።

ሹሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ መደብ ያልኩት ውጭ የሚቆፈረውን ነው። አሁኑኑ አውጪው።»

«እሺ ጌታዬ፣ ይወጣል። ብቻ አስቀድመው እርስዎ ካፖርትዎን አውልቀው ውጭ ይደሩልኝ፤ ጠዋት እርስዎ ካልጠወለጉ ችግኙንም አስከትላለሁ።»