ጭቃ ረጋጩና አስፕሪኑ

ሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር። ክረምቱ ዘግይቶ ገባ፤ ከገባ በኋላ ደግሞ አልወጣም አለ። መስቀል አልፎ እንኳ ከሰዓት በኋላ ይዘንብ ነበር።

አንድ ሰው ነበረ። አንተ ሾፌር ነህ፣ እሱ ገበሬ ነበር። ልጄ፣ አንተ ዛሬ እኔን የጠየቅኸኝን እሱ ያኔ ራሱን ጠየቀ። «ውስጥ እግሬን እሳት ይበላኛል፤ አስፕሪን ብውጥበት ምን አለበት?» አለ። ማንንም አላማከረም። ራሱ ጠይቆ ራሱ መለሰ።

ይህ ሰው ከእርሻው ሌላ የታወቀበት ሥራ ነበረው፤ ጭቃ ይረግጥ ነበር። በዚያ አገር ቤት የሚሠራ ወይም የፈረሰ ግድግዳ የሚያድስ ሰው ጎረቤቱን በደቦ ይጠራል። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈርና የጤፍ ጭድ በውሃ ይዘፈዘፋል። ጭቃው ሰንብቶ ሲበስል በእግር ይረገጣል። ታዲያ ማንም ዘሎ አይገባበትም። መጀመሪያ አንድ ሰው ባዶ እግሩን፣ ብቻውን ይገባና ከዳር እስከ ዳር ይረግጠዋል። እሾህ ቢሆን፣ ጠጠር ቢሆን፣ የጠርሙስ ስባሪ ቢሆን በእግሩ ፈልጎ በእጁ እያወጣ ይጥላል። ሲጨርስ «ንጹሕ ነው» ይላል። ይህን ካለ ሌላው ይገባል፤ የሚመርጉትም ጭቃውን በባዶ እጃቸው እየዛቁ ግድግዳው ላይ ይለጥፋሉ። የስንቱ እጅ በዚያ በአንዱ ሰው እግር ላይ የተጣለ ነው።

በዚያ መንደር ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር። አተር የምታህል ጠጠር ከእግሩ አታመልጥም። ሰዎች «አባ ወንፊት» ይሉታል። ስሙን ይወደው ነበር፤ ለማንም አልተናገረም እንጂ።

እግሩ ያመመው በበጋው ነው። መጀመሪያ ጣቶቹን ውርር ያደርገው ጀመር። ቀጥሎ ውስጥ እግሩ በርበሬ እንደ ተቀባ ይፋጅ ጀመር። ሥራ ላይ ሲውል ይረሳዋል፤ ጋደም ሲል ይነሣበታል። ብርድ ልብሱ ሲነካው እንኳ አይችለውም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ራሱን አሞት አስፕሪን ውጦ ተሽሎት ነበር። «ራስን ያሻለ እግርን ምን ያቅተዋል» አለና ከሱቅ ገዛ።

በመጀመሪያው ቀን ውጦ ተኛ። ሲያርስ ውሎ ዝሎ ነበርና እንቅልፍ ወሰደው። እሱ ግን ያስተኛኝ አስፕሪኑ ነው አለ። በማግስቱ ደገመ። ሕመሙ አልተወውም፤ ፍሬ ጨመረ። ጨምሮም አልተወውም፤ «ገና አልገባልኝም» ብሎ ሌላ ጨመረ። እግሩ እንደ ነደደ ቀረ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሆዱን ያቃጥለው ጀመር። እሱንም በሚስቱ ወጥ አሳበበ።

«በርበሬ አበዛሽ» አላት።

«የበላኸው አልጫ ነው» አለችው።

ሚስቱ አይታ ዝም የምትል ሴት አልነበረችም። «አንተ ሰውዬ፣ የእንስራውን ውሃ ብቻህን ጨረስከው። አጥሩ ሥር በሸናህበት ሁሉ ጉንዳን ይሰፍራል። ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ ነው። ጤና ጣቢያ ሂድ።»

«እኔን ያመመኝ እግሬን ነው። ለእግር ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ማነው?»

«እግሩን የቆረጡት ሰው» አለችው። «እሱም ረፍዶበት።»

አስፕሪኑን ኪሱ ከትቶ ወጣ።

በዚያ ዝናብ ደሴ የሚባለው ጎረቤቱ የቤቱ ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ ይፈርስበት ጀመር። ደሴ ጨዋታ የሚወድ፣ ሥራ የሚከብደው ሰው ነው። የግድግዳውን ሥር መረገው፤ ወረደ። ደግሞ መረገው፤ ደግሞ ወረደ። በመጨረሻ ወደ ጭቃ ረጋጩ መጣ።

«አባ ወንፊት፣ ጭቃዬ አልይዝ አለኝ። ግባና እርገጥልኝ። አንተ የረገጥከው አይለቅም።»

ሰውየው ሄዶ ግድግዳውን ዞሮ አየ። ጭቃው ከወረደበት እጁን አስገብቶ ቋሚውን ዳሰሰ። እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ።

«አልረግጥም» አለው።

«ምነው? የደቦው ጠላ ያንሳል ብለህ ፈራህ?»

«ጭቃህ ምንም አልሆነ። ጣራህ ላይ ምስማር ላልቷል። ውሃው በቋሚው ውስጥ ለውስጥ ይወርዳል። የሚታይህ ሥሩ ስለሆነ ሥሩን ትመርጋለህ። መጀመሪያ ጣራህን እይ።»

«ጣራ ላይ ስወጣ እኮ ያዞረኛል!»

«እንግዲያው ዋሻ ግባ» ብሎት ሄደ።

ደሴ ሲያጉረመርም ሰነበተና ጣራው ላይ ወጣ። ምስማሩን መታ፤ ቀዳዳውን ደፈነ። ቋሚው ደረቀ። ዝናቡ ጋብ ሲል ጭቃ ዘፈዘፈና ደቦ ጠራ።

የደቦው ቀን ሰው ተሰበሰበ። ጭቃ ረጋጩ እቤቱ አስፕሪኑን ውጦ መጥቷል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ብቻውን ገባ። ከዳር እስከ ዳር ረገጠ። ጭቃው ጥጥ ሆነለት። እሾህ የለ፣ ጠጠር የለ። የደሴ ግቢ እንዲህ ንጹሕ አፈር ከየት አመጣ ብሎ ገረመው። መለስ ብሎ አንድ ጊዜ ቢረግጠው ኖሮ መልካም ነበር። ግን ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ደመናም እየመጣ ነው።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ሰዉ ገባ። ዘፈኑ ተነሣ። የደሴ ሚስት ከሁሉ ቀድማ በሁለት እጇ ጭቃ ዛቀች፤ ወዲያው ጮኸች። መዳፏ ተሰንጥቆ ደሙ በጭቃው ላይ ወረደ። ከእጇ የወደቀው የአረቄ ጠርሙስ ስባሪ ነበር።

ዘፈኑ ተቋረጠ። ደሴ የሚስቱን እጅ በጨርቅ እየጠቀለለ፣ ሰዉን ለማረጋጋት ያህል ቀለደ።

«አባ ወንፊት! ወንፊቱ ተቀደደ እንዴ?»

ጥቂቶቹ ሳቁ። ሰውየው አልሳቀም። ከጉድጓዱ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እግሩን ይታጠብ ጀመር። ጭቃው ለቀቀ፤ ውሃው ግን አልጠራም፤ ቀላ። ደግሞ አፈሰሰ፤ ደግሞ ቀላ። እግሩን አንሥቶ ገልብጦ አየ። የዚያው ጠርሙስ ሌላ ስባሪ ውስጥ እግሩ ላይ ተሰክቷል። በዚያ ላይ ቆሞ ነበር። በዚያ ላይ ሲመላለስ ነበር። በዚያ ላይ ሆኖ ነው ንጹሕ ነው ያለው።

ስባሪውን ይዞ ነቀለው። ሲነቅለውም አላመመውም። ደሙን አይቶ ያልደነገጠ ሰው በዚህ ደነገጠ። ጋደም ሲል ብርድ ልብስ የማይችለው እግር ጠርሙስ ሲነቀልበት ዝም አለ።

ደሴ ሊቀልድ ቀርቦ ነበር፤ ሲያይ አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አያምህም?»

«አያመኝም።»

«ምንም?»

«ምንም አልኩህ እኮ።»

ደሴ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔን ጣራህን እይ ብለኸኝ ነበር» አለው። «ያንተን ማን ይይልህ?»

ሰውየው እጁን ኪሱ ከተተ። ኪሱ ያለው አስፕሪን ትዝ አለው። ሚስቱ የቆጠረችለት ሁሉ ትዝ አለው፤ ውሃው፣ ጉንዳኑ፣ የሚወርደው ሱሪ። እስከዚያ ቀን አንዱንም ከእግሩ ጋር አላገናኘውም ነበር።

እግሩን በሳሙና አጠበ፤ በንጹሕ ጨርቅ አሰረ። ከዚያ ብድግ አለ። መጀመሪያ ወደ ደሴ ሚስት ዞረ።

«ይቅር በይኝ። ንጹሕ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ። «ከዛሬ ጀምሮ ቀድሜ አልገባም። እግሬ አይሰማም። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ይህን ማለት ለእሱ ቀላል አልነበረም። ተናገረው ግን። አስፕሪኑን ከኪሱ አውጥቶ ደቦው ላይ ለነበረችው ሚስቱ ሰጣትና ደሴን፣ «በቅሎህን ጫንልኝ» አለው።

ደሴ በቅሎውን ጫነ። የሚስቱም እጅ መሰፋት ነበረበትና ሦስቱም አብረው ወረዱ፤ ሰውየው በበቅሎ፣ ባልና ሚስት በእግር።

«እጄን ያስቆረጥከኝ አንተ፣ በእግሬ የምሄደው እኔ?» አለችው መንገድ ላይ።

«አንቺ የተቆረጥሽው እጅሽን ነው» አላት።

ሕመሟን ረስታ ሳቀች።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ቁስሉን አጠበችና ጣቱን ወግታ ደሙን መረመረች። ከዚያ «ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ውስጥ እግርዎን በዚህች ቀጭን ክር ስነካዎት ይንገሩኝ» አለችው። ጨፈነ። ጠበቀ። ጠበቀና ሰለቸው።

«ጀምሪ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት።

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ» አለችው።

ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን አልፎ ነበር። እግሩን የጎዳው እሱ ነው፤ ነርቩን ሲበላው ከርሟል። አስፕሪን ሲውጥ እንደ ከረመ በነገራት ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። «አስፕሪን ራስ ምታት ያስታግሣል፣ ትኩሳት ያበርዳል። ይህ የነርቭ ሕመም ነው፤ እሱን አይመልስም። ሆድዎን ግን ሊያደማ ይችላል። ደምዎ ቶሎ አልቆም ያለውም በሱ ሊሆን ይችላል። ለነርቭ ሕመም የራሱ መድኃኒት አለ፤ ሐኪሙ ያዝልዎታል። ስኳሩ ካልተያዘ ግን እሱም ብቻውን አያድንዎትም።»

ሰውየው የወሰነው እዚያው ወንበር ላይ ነው። የታዘዘለትን በሰዓቱ ዋጠ። ተው የተባለውን ምግብ ተወ። ባዶ እግሩን መሄድ አቆመ። ማታ ማታ ሚስቱ ኩራዝ ትይዝለታለች፣ እሱ እግሩን ገልብጦ ጣት በጣት ያያል፤ እግሩ የማይነግረውን ዓይኑ እንዲነግረው። እሳቱ በአንድ ጊዜ አልጠፋም። እያደር በረደ እንጂ። ቁስሉ ጊዜ ወስዶ ዳነ፤ እግሩ ተረፈ።

በሚቀጥለው ደቦ ጫማውን አድርጎ ጉድጓዱ ዳር ተቀመጠ። ቀድማ የገባችው የደሴ ሚስት ናት። ሴት ቀድማ ገብታ አታውቅም ያለ ነበር። «የተቆረጠው የማን እጅ ነው?» አለችና ገባች። ረግጣ ስትጨርስ ሰውየው፣ «አንድ ጊዜ ድገሚው» አላት። ደገመችው። ሁለተኛው ላይ አንድ እሾህ አወጣች።

እንግዲህ ልጄ፣ አስፕሪን ብውጥበት ምን አለበት ብለህ ጠየቅኸኝ። ይኸው ያለበት። ያንተም ግድግዳ ከሥሩ እየራሰ ነው፣ አንተም ደሴ ሥሩን እንደ መረገው ልትመርገው ነው። ውሃው ከየት እንደሚወርድ አላየህም። ስኳር ይሁን ሌላ እኔ አላውቅም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አንተም አይደለህም። ሐኪም ለልቡ ብሎ አስፕሪን ያዘዘለት ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ሳይጠይቅ አይተወውም። ላንተ ግን ያዘዘልህ የለም።

እግርህ የሚነድደው ስለሚናገር ነው። እየተናገረ ሳለ ስማው። ዝም ያለ ቀን ዳነ ብለህ ደስ ይልህና ያን ጊዜ ነው ጠርሙሱ ላይ የምትቆመው። ደግሞ የሱ እግር ስቶ የቆረጠው አንድ እጅ ነው። አንተ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ትጭናለህ። እናት ልጇን አቅፋ ከኋላህ ትቀመጣለች። ያ ሁሉ ሰው የተጣለው ፍሬን በሚረግጠው እግርህ ላይ ነው። ረግጬዋለሁ ብለህ ሳትረግጠው ብትቀር ለማን «ይቅር በለኝ» ትላለህ?

ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ተነሣ፤ ደምህን ያዩታል። ጫማህን አድርግ፤ አብረን እንሄዳለን። የመኪናውን ቁልፍ አምጣ። እስከዚያ እኔ ዘንድ ይደር።