ለሰኮና የሚበቃ ቁልፍ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ የአንድ ቆላ ጫካ እንስሳት ሁሉ ከአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይጠጡ ነበር። ውሃውን የሚስበው ሞተር ነው፤ ሞተሩን የሚያዘው ደግሞ ጉድጓዱ አጠገብ ባለች ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ሥዕል የለው፣ ምልክት የለው። ውሃ የፈለገ ረጅም ትእዛዝ አንድ ፊደል ሳይስት መጻፍ አለበት። ይህን የሚችል ቀበሮ ብቻ ነበር።

ቀበሮም በዚህ ኮራ። ያሞገሰውን ቶሎ ያጠጣዋል፤ ያላሞገሰውን ፀሐይ ላይ ያስጠብቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የተቸገረችው እመት አህዪት ናት። መራመድ ላቃታቸው ሽማግሌዎችና ለታመሙት ውሃ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ቀበሮ የዘመድ ሠርግ አለኝ ብሎ ማዶ ተሻገረ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አሮጌው ከርከሮ፣ በውሃ ጥም ጥላ ሥር ተዘርሮ ምላሱን አውጥቷል። አህዪት አላስችላት ቢል ወደ ጎጆዋ ገባችና ሰኮናዋን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈች። አራት ፊደል ባንዴ ተጻፈ። «ትእዛዙ አልታወቀም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

ቀበሮ ሲመለስ እዚያው አገኛት። «እመት አህዪት፣ ሰኮና ለጭነት እንጂ ለጽሕፈት አልተፈጠረም» ብሎ ሳቀባት። አህዪት አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ይህን፣ ኮምፒውተር ተምራ ሰሞኑን ከጎረቤት ጫካ የተመለሰች እመት ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና ሰማች። በማግስቱም አንዲት የኮምፒውተር ፍላሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አያ አንበሶ ፊት ቀረበች። እንስሳቱም ተሰበሰቡ።

«ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ ያለው ለኮምፒውተር ገጽ መሥሪያ የሚሆን መገጣጠሚያ ነው» አለች። «መስኮቱ፣ በስክሪን ላይ የሚነካው ቁልፍ፣ ሥዕሉ ሁሉ ተሠርቶ ተዘጋጅቷል። ለእኛ የቀረው እንደሚስማማን መደርደር ነው። ከዚያ ወዲያ ውሃ የፈለገ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ሥዕሉን መንካት ይበቃዋል።»

«ማነው የሠራው?» አለ አንበሳ።

«የብዙ ጫካ እንስሳት በደቦ። አንዱ ጀመረው፣ ሌላው አረመው፣ ሌላው ጨመረበት። ኮዱ፣ ማለትም የተጻፈበት ትእዛዝ፣ ክፍት ነው፤ ያሻው ያየዋል፣ ይቀይረዋል፣ ለወዳጁም ይሰጠዋል።»

ቀበሮ ቶሎ ብሎ ገባ። «ጌታዬ፣ በር የሌለው ቤት ለሌባ ይመቻል። ሁሉ የሚያየው ነገር እንዴት ይታመናል?»

«ሁሉ ስለሚያየው ነዋ» አለች ጦጢት። «ካንዱ ዓይን ያመለጠ እንከን በሌላው ይያዛል።»

«እስቲ ሥሪና እንየው» አለ አንበሳ።

ጦጢት ሥራዋን ስትጨርስ በስክሪኑ ላይ ሁለት ቁልፎች ታዩ፤ አንዱ ውሃ የሚከፍት፣ አንዱ የሚዘጋ። አህዪት ተጠርታ ነካችው። ሰኮናዋ ሁለቱንም ባንዴ ተጫናቸውና ሞተሩ ተንተፋትፎ ቆመ። አህዪትም ሰኮናዋን ሰበሰበች። «አየሽ እህቴ፣ ለእኔ አይሆንም» አለች።

«የጠበበው ቁልፉ ነው፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለች ጦጢት። «ኮዱ ክፍት ነው፣ እናሰፋዋለን። ምን ያህል ይሁንልሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ከዚያ በፊት አልነበረም። አህዪት ጥቂት አሰበችና አሸዋው ላይ ሰኮናዋን አተመች። «ይህን ያህል» አለች። ጦጢትም በስንዝሯ ለካችውና ቁልፎቹን በዚያው ልክ አሰፋች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበሮ ጅብን ለብቻው ጠራው። «አያ ጅቦ፣ ያቺን ፍላሽ የዋጠ የውሃው ጌታ ይሆናል» አለው።

«ለሌላው ምንም አይቀርም?»

«ከአንተ ሆድ ማን ያወጣል?»

ጅብም ጦጢት ከኮምፒውተሩ ነቅላ ያስቀመጠቻትን ፍላሽ አንስቶ ሳያላምጥ ዋጣት።

ጠዋት እንስሳቱ ሲመጡ ጅብ ሆዱን ነፍቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። «ውሃው የእኔ ነው። ጦጢት ያመጣችውን ሁሉ ውጬዋለሁ» አለ። ፍላሿ ስለሌለች ስክሪኑ እንደ ድሮው ጥቁር ነው። አህዪትም «ያው ወደ ቀበሮ ደጅ ልንመለስ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ጦጢት ግን አልደነገጠችም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ መገጣጠሚያውን ከጎረቤት ጫካ በኢንተርኔት አወረደችው። ወዲያው ስክሪኑ በራ፤ ሰፋፊ ቁልፎችም ተደርድረው ታዩ።

«እነዚህ ደግሞ ከየት መጡ?» አለች አህዪት።

«ትናንት ያሰፋነውን ለሠሪዎቹ ልኬላቸው ነበር። ወደዱትና ከመገጣጠሚያው ጋር ጨመሩት። አሁን በየጫካው ያለ ባለ ሰኮና ሁሉ በአንቺ ልክ ይጠቀማል።»

ጅብ ሆዱን ዳበሰ። «ከዋጥኩት በኋላ እንዴት ቀረ?» አለ።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ሥጋ አይደለም፤ ቢካፈሉት አያልቅም» አለች ጦጢት።

አህዪት ተነሥታ ቁልፉን ነካችው። ሞተሩ አጓራ፤ ውሃውም እየተንፎለፎለ ገንዳውን ሞላው። አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞሮ «አንተም ከእንግዲህ ተራህን ጠብቀህ ትጠጣለህ» አለው። ቀበሮ ጅራቱን ቆልፎ ወደ ኋላ ሄደ። አህዪት ግን እስኪበቃት ጠጣች፤ ከዚያም ውሃውን ጭና ቀስ እያለች፣ ማንንም ሳትለምን፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብልሃት ሲደብቁት አንዱን ብቻ እንደሚያኮራ፣ ገልጠው ሲካፈሉት ግን ሳይጎድል ሁሉን እንደሚያሳርፍ ነው።